ፎርም ከመዝገብ ሲወለድ፦ በፓይተን ከዳታቤዝ ቅጽ የማመንጨት ጥበብና ወሰኑ

አንድ የስልክ ቁጥር መሙያ ሳጥን እንመልከት። የዳታቤዙ ዓምድ 10 ቁምፊ እንዲይዝ ተደርጎ ተሠርቷል፤ በ09 የሚጀምር ቁጥር ልክ ይሆንበታል። ፎርሙ ላይ ያለው ሳጥንም ከ10 በላይ አያስጽፍም፤ ፎርሙ ሲላክ የሚያጣራው የፓይተን ኮድም ከ10 ያለፈውን ይመልሳል። አንድ ቀን ውጭ አገር ያለ ደንበኛ ቁጥሩን በ+251 ጀምሮ ይጽፋል፤ 13 ቁምፊ ይሆናል። ይህን ለማስተናገድ ሦስት ቦታ መነካት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከተረሳ ወይ ፎርሙ የተቀበለውን ዳታቤዙ ይመልሰዋል፣ ወይ ዳታቤዙ ሊቀበል ተዘጋጅቶ ሳለ ፎርሙ አያሳልፍም።

ፎርምን ከዳታቤዝ የማመንጨት ሐሳብ የመጣው ከዚህ ድካም ነው። ደንቡ አንድ ቦታ ይጻፍ፤ ሳጥኑም ማጣሪያውም ከዚያ ይውጡ። ሐሳቡ በፓይተን አልተጀመረም፤ በ1992 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው ማይክሮሶፍት አክሰስም ሠንጠረዥ ሲሰጡት ፎርም ያዘጋጅ ነበር። በፓይተን በኩል ጉዳዩ መልኩን እየለዋወጠ እስካሁን ያከራክራል፤ ምክንያቱም «ከዳታቤዝ የመጣ ፎርም» በሚለው አንድ ስም ሥር ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። ፎርሙን ከሠንጠረዡ ቅርጽ ማውጣት አንዱ ነው። የፎርሙን ምርጫዎች ከሠንጠረዥ ረድፎች ማምጣት ሌላ ነው። ጥያቄዎቹን ራሳቸውን ረድፍ አድርጎ ማስቀመጥ ደግሞ ከሁለቱም የራቀ ሥራ ነው። ብዙ ፕሮጀክት የሚቸገረው ሁለተኛው በሚበቃበት ቦታ ሦስተኛው ሲገነባ፣ ወይም ሦስተኛው ግድ በሆነበት ቦታ በአንደኛው ለመወጣት ሲሞከር ነው ብዬ አምናለሁ። ዳታቤዝ ምን እንደሚቀመጥ ያውቃል፤ ሰው ምን እንደሚጠየቅና እንዴት እንደሚጠየቅ ግን ሌላ ሰው ካልነገረው አያውቅም። በሦስቱ ሥራዎች መካከል ያለው ልዩነትም ያንን የሚነግረው ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

የድረ ገጽ ፎርም በመደበኛ ሰነድ የሰፈረው በኖቬምበር 1995 በወጣው ኤችቲኤምኤል 2.0 ነው። በዚያ ዘመን በፓይተን የሚሠራ ሰው ፎርሙን በእጁ ይጽፋል፤ የተላከለትን ደግሞ ሲጂአይ በሚባለው ሞጁል አንድ በአንድ ይለቅማል። ያ ሞጁል ከፓይተን ጋር አብሮ ሲመጣ ኖሮ በ2024 በወጣው 3.13ኛ እትም ተወገደ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከጋዜጣ ቤት ነው። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በሎረንስ ከተማ በሚታተመው ሎረንስ ጆርናል ወርልድ ጋዜጣ የድረ ገጽ ክፍል አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን በ2003 ለራሳቸው ሥራ የጀመሩት መሣሪያ፣ በጁላይ 2005 ጃንጎ ተብሎ ለሕዝብ ተለቀቀ። የጋዜጣ ሥራ ቀነ ገደብ አለው፤ ዜናና የስፖርት ውጤት የሚያስገባ ሰው ፕሮግራመር ፎርም እስኪሠራለት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ስለዚህ ጃንጎ ሞዴሉን፣ ማለትም ፕሮግራመሩ ስለ ሠንጠረዡ በፓይተን የጻፈውን ክላስ፣ አይቶ የማስገቢያ ገጹን ራሱ የሚያዘጋጅ አድሚን ይዞ መጣ። ብዙ ፓይተን ጸሐፊ ከዳታቤዝ የወጣ ፎርም መጀመሪያ ያየው እዚያ ነው። በ2007 ማሲሞ ዲ ፒዬሮ በቺካጎ ዲፖል ዩኒቨርሲቲ ለማስተማሪያ ብሎ የጀመረው ዌብቱፓይ የበለጠ ደፈረ፤ ኤስኪውኤልፎርም ለሚባለው ክላስ ሠንጠረዡን መስጠት ብቻ ይበቃል፤ ሠንጠረዡ ወደ ሌላ ሠንጠረዥ የሚያመለክት ከሆነ ድሮፕዳውኑም አብሮ ይመጣል። የፓይተን የዳታቤዝ ላይብረሪ በሆነው በኤስኪውኤልአልኬሚ በኩል ፎርምአልኬሚ ተሞክሮ ነበር፤ ዛሬ ፍላስክ በሚባለው የድረ ገጽ ፍሬምወርክ የሚሠራ ሰው የፎርም ላይብረሪውን ደብልዩቲፎርምስን ከኤስኪውኤልአልኬሚ ጋር ከሚያገናኘው ተቀጥላ ጋር ይጠቀማል። ስሞቹ ብዙ ቢሆኑም አሠራራቸው ተቀራራቢ ስለሆነ አንዱን ከፍቶ ማየት ይበቃል።

የጃንጎ ሞዴልፎርም ገና ክላሱ ሲነበብ፣ ማንም ገጹን ሳይከፍት፣ የሞዴሉን ፊልዶች አንድ በአንድ ይዞርና ከእያንዳንዱ የፎርም ፊልድ ይቀበላል። የአጭር ጽሑፍ ፊልድ ከነርዝመት ገደቡ የጽሑፍ ሳጥን ይሰጣል። አዎ ወይም አይደለም የሚል ፊልድ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ይሰጣል። ወደ ሌላ ሠንጠረዥ የሚያመለክት ፊልድ ድሮፕዳውን ይሰጣል። የስልክ ቁጥሩ ችግር እዚህ ይፈታል፤ ሞዴሉ ላይ 10 የነበረውን 13 ማድረግና ለውጡን ወደ ዳታቤዙ የሚያሻግረውን ማይግሬሽን ማስኬድ ነው፣ ሳጥኑና ማጣሪያው ተከትለው ይለወጣሉ።

ሆኖም እዚያው ሞዴል ላይ ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል እንዳልሆነ የሚመሰክር ነገር አለ። አንድ ፊልድ «ናል» እና «ብላንክ» የሚባሉ ሁለት ምልክቶች አሉት። ናል ለዳታቤዙ ነው፤ ዓምዱ ዋጋ አልባ መሆን ይችላል ወይስ አይችልም ይላል። ብላንክ ለፎርሙ ነው፤ ሰው ሳይሞላው ማለፍ ይችላል ወይስ አይችልም ይላል። ጀማሪ ሁሉ ይምታታበታል፤ አንዱ ለምን እንደማይበቃ ይጠይቃል። አንዱ የማይበቃው ማስቀመጥና መጠየቅ ሁለት ነገር ስለሆኑ ነው። ብላንክ ዳታቤዙ ውስጥ የለም። ለሰው የሚታየው የፊልድ ስም፣ የማብራሪያው ጽሑፍ፣ ፊልዱ በፎርም ላይ ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለውም የለም። እነዚህን ሁሉ ፕሮግራመሩ በሞዴሉ ላይ ጽፏቸዋል። ስለዚህ ሞዴልፎርም «ከዳታቤዝ» ይባል እንጂ የሚወጣው ፕሮግራመሩ ስለ ዳታቤዙ ከጻፈው ገለጻ ነው፤ ጥሩ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዳታቤዙ ብቻ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው ጃንጎ ኢንስፔክትዲቢ የሚባል ትእዛዝ አለው፣ ኤስኪውኤልአልኬሚ ደግሞ አውቶማፕ አለው። ሁለቱም የዓምዱን ዓይነት፣ ርዝመት፣ ባዶ መሆን መቻሉንና ወዴት እንደሚያመለክት ከነበረ ዳታቤዝ ያነብባሉ። ከዚያ ያለፈውን፣ ለሰው የሚታየውን ጽሑፍ ጭምር፣ ሰው መጨመር አለበት።

ይህ ለኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ ቅርብ ነገር ነው። ጃንጎ ይዞት የሚመጣው የተጠቃሚ ሠንጠረዥ ለስም ሁለት ዓምድ አለው፤ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም። ከዚያ የሚወጣ ፎርም እነዚያኑ ሁለቱን ይጠይቃል። የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም የሚጽፍ ሰው የአባቱን ስም ከራሱ ስም ጋር ያድርገው ወይስ ከአያቱ ጋር? አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ ሲያደርግ፣ በአባት ስም ፈልጎ ሰው ማግኘት የዕድል ጉዳይ ይሆናል። ጃንጎ ከ1.5ኛ እትሙ ጀምሮ የተጠቃሚውን ሞዴል በራስ ሞዴል መተካት ይፈቅዳል፤ ፕሮጀክቱ ከተጀመረ በኋላ ግን መተካቱ አድካሚ ስለሆነ፣ ለእኛ ሰው የሚሠራ ፕሮግራመር በመጀመሪያው ቀን ሦስት የስም ዓምድ ያለው ሞዴል ቢያስቀምጥ ለብዙ ሰው ይተርፋል።

ከቅርጽ የሚወጣ ፎርም የደኅንነት ጥያቄም ያነሣል። ሠንጠረዡ ላይ ያለው ሁሉ ፎርሙ ላይ ከወጣ፣ ወይም ፎርሙ ላይ ባይወጣም ሰርቨሩ የተላከለትን ሁሉ ከተቀበለ፣ ተጠቃሚው ሊነካ የማይገባውን ዓምድ ይነካል። በማርች 2012 ጊትሀብ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ጊትሀብ የተሠራው በሩቢ ኦን ሬይልስ ቢሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ነው፤ አንድ ፕሮግራመር የራሱን የመግቢያ ቁልፍ በሚመዘግብበት ፎርም ላይ የሌላ ባለቤት መለያ ጨምሮ ላከ፤ ሰርቨሩም ተቀበለው፤ በዚህም ወደ ሬይልስ ፕሮጀክት ኮድ ራሱ ገብቶ መጻፍ ቻለ። ጃንጎ በ2013 ከወጣው 1.6ኛ እትም ጀምሮ ሞዴልፎርም የትኞቹን ፊልዶች እንደሚያወጣ ካልተነገረው ማስጠንቀቅ ጀመረ፤ በ2015 በወጣው 1.8 ግዴታ አደረገው። «ሁሉም» ብሎ መጻፍ ዛሬም ይፈቀዳል፤ እኔ ግን ከአድሚን ገጽ ውጭ ለማንም አልመክረውም። ዛሬ ያሉት ዓምዶች ሁሉ ለተጠቃሚ ቢፈቀዱ እንኳ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሰው የሚጨምረው «ክፍያ ጸድቋል» የሚል ዓምድ ሳይታሰብ ፎርሙ ላይ ይወጣል።

ወደ ምርጫዎቹ እንለፍ። በየቀኑ የሚያጋጥመው ሥራ ይህ ነው፤ ለስሕተት የሚመቸውም ይኸው ነው። ፕሮግራመሩ በፎርሙ ክላስ ውስጥ የቅርንጫፎችን ሠንጠረዥ ጠይቆ ዝርዝር የሚሠራ አንድ መስመር ይጽፋል። በራሱ ኮምፒውተር ይሠራል፤ ሰርቨር ላይ ሲወጣም ይሠራል። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በአድሚን ገጽ አዲስ ቅርንጫፍ ትመዘግባለች፤ ፎርሙ ላይ አይታይም። ገጹን ደጋግማ ትከፍታለች፤ የለም። ሰርቨሩ በሌላ ምክንያት ሪስታርት ሲደረግ ብቅ ይላል። ምክንያቱ ፓይተን የክላስን አካል የሚያስኬደው ሞጁሉ ሲጫን አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው፤ ዝርዝሩ በዚያች ቅጽበት የነበረውን ይዞ ይቀራል። ሰርቨሩ በብዙ ፕሮሰስ የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ከመካከላቸው አንዱ በቅርብ የተነሣ እንደሆነ አዲሱ ቅርንጫፍ አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል። ባዶ ዳታቤዝ ላይ ፕሮጀክቱን ሊተክል የሞከረ ባልደረባም ማይግሬሽን ሳያስኬድ «ሠንጠረዡ የለም» የሚል ስሕተት ይገጥመዋል፤ ፎርሙ ሲነበብ ገና ያልተፈጠረውን ሠንጠረዥ ጠይቋልና።

መፍትሔው ዝርዝሩን ሳይሆን ዝርዝሩ እንዴት እንደሚመጣ የሚናገረውን መስጠት ነው። የጃንጎ የሞዴል ምርጫ ፊልድ ገና ለዳታቤዙ ያልቀረበ ኩዌሪ ይዞ ይቀመጥና ፎርሙ ሲሣል ይጠይቃል። ለተራ የምርጫ ፊልድም ከ1.8 ጀምሮ በዝርዝሩ ቦታ ተግባር መስጠት ይቻላል፤ ፎርም በተፈጠረ ቁጥር ይጠራል። በደብልዩቲፎርምስ ልማዱ ፎርሙ ከተፈጠረ በኋላ ምርጫዎቹን ለዚያ ሪኩዌስት ብቻ መሙላት ነው።

ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ በተከታታይ የሚመረጡበት ፎርም ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ክልል ሲመረጥ ዞኖቹ በጃቫስክሪፕት ወይም በኤችቲኤምኤክስ ይመጣሉ፤ ተጠቃሚው ይመርጣል፤ ይልካል፤ ሰርቨሩም ያንን ዞን ከምርጫዎቹ አንዱ አይደለም ብሎ ይመልሳል። ብሮውዘሩ ላይ ዝርዝሩ ተለውጧል፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፎርም ግን የተሠራው ምንም ክልል ሳይመረጥ በነበረው ባዶ ዝርዝር ነው። በዚህ የተማረረ ሰው ማጣሪያውን ያጠፋዋል፤ ደብልዩቲፎርምስ ላይ ይህን የሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይቀር አለ። ያኔ የአማራ ክልልን መርጦ የኦሮሚያ ክልል ዞን የያዘ መዝገብ ይገባል። ትክክለኛው መንገድ ፎርሙ ሲፈጠር የተላከውን ክልል አንብቦ የዚያን ክልል ዞኖች ብቻ ለሰርቨሩም መስጠት ነው። የአንድ ጤና ጣቢያ ሠራተኛ የራሱን ጣቢያ ታካሚዎች ብቻ እንዲያይ ሲፈለግም ሕጉ ያው ነው፤ የምርጫው ዝርዝር የፈቃድ ወሰንም ስለሆነ መቆረጥ ያለበት ሰርቨሩ ላይ ነው።

የተዘጉ ምርጫዎችም አሉ። አንድ ቅርንጫፍ ሥራ ሲያቆም «የማይሠራ» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል፤ ፎርሙም የሚሠሩትን ብቻ ያወጣል። ከዚያ አንድ ሰው ከሦስት ዓመት በፊት የገባ መዝገብ ከፍቶ የስልክ ቁጥር ብቻ ሊያርም ይሞክራል፤ ፎርሙ ቅርንጫፉን አያገኘውም፤ ወይ አላስቀምጥም ይላል፣ ወይ ሠራተኛው ያገኘውን ሌላ ቅርንጫፍ መርጦ ያልፋል፣ መዝገቡም በዝምታ ይበላሻል። ኩዌሪው የሚሠሩትንና ይህ መዝገብ አስቀድሞ የያዘውን አንድ ላይ ማምጣት አለበት።

ምርጫዎቹ በአማርኛ ሲሆኑ የረድፎቹ ጥራት ፎርሙ ላይ ይታያል። ሀዋሳ፣ ሐዋሳ እና አዋሳ ተብለው በሦስት ሰው እጅ የተመዘገቡ ረድፎች ሦስት ምርጫ ይሆናሉ። በፊደል ተራ ሲደረደሩ እንኳ አይገናኙም፤ በዩኒኮድ ሰንጠረዥ በሀ እና በሐ መካከል የለ ቤት በሙሉ አለ፣ አ ደግሞ በጣም ይርቃል። ተጠቃሚው ያገኘውን የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ የዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ አንዷ ከተማ ለሦስት ተከፍላ ትታያለች። ይህን የትኛውም ፍሬምወርክ አይፈታም። ረድፍ ሲመዘገብ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መልክ መልሶ የሚያወዳድር አጭር የፓይተን ተግባር ሞዴሉ ላይ ማስቀመጥ ሀ እና ሐን ያስታርቃል፤ አዋሳን የመሰለውን ሰው አይቶ ያዋሕደዋል። ምርጫው ሲበዛ፣ ለምሳሌ የአገሪቱ ቀበሌዎች ሁሉ በአንድ ድሮፕዳውን ሲወጡ፣ ገጹም ሰውም ይደክማል። የጃንጎ አድሚን በ2017 በወጣው 2.0 እትም እየጻፉ የሚፈልጉበትን ሳጥን ያመጣው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ሥራ የሚመጣው ጥያቄዎቹን የሚወስነው ሰው ፕሮግራመር ሳይሆን ሲቀር ነው። የጥናት ቡድን መጠይቁን በየዙሩ ይለውጣል፤ ቀጣሪ ለሒሳብ ሠራተኛና ለሾፌር የተለያየ ነገር ይጠይቃል። እዚህ ጥያቄው ራሱ ረድፍ ይሆናል፦ መለያ፣ ዓይነት፣ የሚታይ ጽሑፍ፣ ግዴታ መሆን አለመሆኑ፣ ተራ ቁጥር። ኮዱ አጭር ነው። አንድ ዲክሽነሪ «ቁጥር» የሚለውን ወደ ቁጥር ፊልድ፣ «ቀን» የሚለውን ወደ ቀን ፊልድ ያመለክታል። ረድፎቹን እየዞሩ ፊልዶቹን መሰብሰብ፣ ከዚያም ታይፕ ለሚባለው የፓይተን ተግባር ስም፣ ወላጅ ክላስና የተሰበሰቡትን ፊልዶች መስጠት ነው፤ አዲስ የፎርም ክላስ ይመልሳል። ረድፎቹ ሲጠየቁ በተራ ቁጥር መደርደራቸው በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ዳታቤዝ ካልተነገረው የረድፍ ቅደም ተከተል አይጠብቅም፣ ስለ እርግዝና የሚጠይቀው ጥያቄ ከጾታ ጥያቄ በፊት ሊመጣ ይችላል።

ሌላው መንገድ ፎርሙ ሲፈጠር ፊልዶቹን መጨመር ነው። ጃንጎ ፎርም በተፈጠረ ቁጥር የክላሱን ፊልዶች ሙሉ ቅጂ ስለሚያወጣ፣ ለአንዱ የተጨመረው ለሌላው አይተርፍም። ደብልዩቲፎርምስ ላይ ግን ፊልዱ የሚሰካው ክላሱ ላይ ነው። የጋራው ክላስ ላይ ከተሰካ ለሾፌር አመልካች የተጨመረው የመንጃ ፈቃድ ጥያቄ በዚያው ፕሮሰስ በኩል ለሚመጣው ሁሉ ይወጣል። የላይብረሪው ሰነድ የሚያሳየው መፍትሔ በተግባሩ ውስጥ ለዚያ አንድ አገልግሎት ብቻ ልጅ ክላስ ፈጥሮ እዚያ ላይ መሰካት ነው፤ ያችን አንዲት መስመር ማንም እንዳይዘላት።

እስከዚህ ያለው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከባዱ መልሱ ሲመጣ ይጀምራል፤ የት ይቀመጥ? ለእያንዳንዱ መልስ አንድ ረድፍ መስጠት የቆየ መንገድ ነው፤ ማንኛውንም ጥያቄ ይቀበላል፣ ነገር ግን ቁጥሩም ቀኑም ጽሑፍ ሆኖ ይገባል፣ የ12 ጥያቄ መልስ በአንድ መስመር ለማየትም ሠንጠረዡን ደጋግሞ ከራሱ ጋር ማጋጠም ይጠይቃል። ፖስትግሬስኪውኤል በ2014 በ9.4ኛ እትሙ ጄሰንቢን፣ ጃንጎ ደግሞ በ2020 በ3.1 ለሚደግፋቸው ዳታቤዞች ሁሉ የሚሆን የጄሰን ፊልድን ካመጡ ወዲህ፣ የአንድን ሰው መልስ በሙሉ በአንድ ዓምድ ማስቀመጥ ለብዙው ሥራ የተሻለ ነው ብዬ አስባለሁ። ኦዱና ፍራፔ ሦስተኛ መንገድ መርጠዋል። ሁለቱም በፓይተን የተሠሩ ናቸው፤ ኦዱ የድርጅት ሥራ ማስኬጃ ነው፣ ፍራፔ ደግሞ እንዲህ ያለ ማስኬጃ የሚገነባበት ፍሬምወርክ ነው። ፍራፔ ላይ ዶክታይፕ የሚባል መዝገብ የፎርሙን ፊልዶች ይዘረዝራል፤ ያ መዝገብ ሲቀመጥ እውነተኛው ሠንጠረዥ ላይ ዓምድ ይጨመራል። ኦዱም የፎርሙን ገጽታ ሳይቀር በዳታቤዝ ውስጥ መዝገብ አድርጎ ይይዛል። ጥቅሙ ሪፖርት በተራ ኤስኪውኤል መሠራቱ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ፎርም የሚያርም ሰው ሁሉ የዳታቤዙን ቅርጽ የመለወጥ ሥልጣን ማግኘቱ ነው። የሒሳብ ሥራ ለሚያስኬድ ድርጅት ይገባል፤ በየሳምንቱ ለሚለዋወጥ መጠይቅ አይሆንም።

የጥያቄ ማንነት ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ዋግቴል በጃንጎ ላይ የተሠራ የይዘት ማስተዳደሪያ ነው፤ አርታኢዎች ራሳቸው ፎርም የሚሠሩበት ክፍል አለው። መልሱ የሚቀመጠው በጄሰን ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ጥያቄ ቁልፍ ከሚታየው ጽሑፍ ይወጣ ነበር። አርታኢዋ «ስልክ» የሚለውን «የሞባይል ስልክ» ብላ ስታስተካክል ቁልፉም አብሮ ይለወጣል፤ የቀድሞዎቹ መልሶች በአሮጌው ቁልፍ ሥር ይቀራሉ፣ ዝርዝሩም ላይ ባዶ ሆነው ይታያሉ። በ2020 በወጣው 2.10ኛ እትም ቁልፉ ራሱን የቻለ ዓምድ ሆነ፤ ጽሑፉ ቢለወጥም ቁልፉ ይቆያል። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ሥራ ላይ ይህን ለማስተካከል ዓመታት ከፈጁ፣ በየቢሮው የራሱን ፎርም ሠሪ የሚገነባ ሰው ጥያቄ ከጽሑፉ ውጭ ቋሚ መለያ እንዲኖረው ከመጀመሪያው ሊያስብበት ይገባል።

በዚህ ሁሉ ላይ በደንብ የታሰበበት መልስ የማገኘው በዳሰሳ ጥናት መሣሪያዎች ላይ ነው። ኤክስኤልኤስፎርም የሚባለው አጻጻፍ መጠይቅን የሠንጠረዥ ረድፍ ያደርገዋል፤ አንዱ ዓምድ ዓይነት፣ አንዱ ቋሚ ስም፣ አንዱ ለሰው የሚታይ ጽሑፍ ነው። ያንን ወደ ፎርም የሚለውጠው ፓይኤክስፎርም የፓይተን ላይብረሪ ነው፤ መጠይቁን ስልክና ታብሌት ላይ የሚከፍተው ኦዲኬ ነው፤ የሌላው የዳሰሳ ጥናት መሣሪያ የኮቦቱልቦክስ ሰርቨርም በጃንጎ ተጽፏል። ለአንድ ጥያቄ የእንግሊዝኛ፣ የአማርኛና የኦሮምኛ ጽሑፍ በሦስት ዓምድ ጎን ለጎን ይጻፋል፤ ስሙ አንድ ስለሆነ መልሶቹ በአንድ ይሰበሰባሉ። ከሁሉ የሚያስደስተኝ የቀን ጥያቄ ነው። ዓይነቱ «ቀን» ሆኖ የአቀራረብ ዓምዱ ላይ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈ፣ የኦዲኬ ስልክ ላይ የሚወጣው ጳጉሜን ያለበት የ13 ወር ካሌንደር ነው፤ የሚቀመጠው ግን የጎርጎርዮሱ ቀን ነው። አንዲት እናት ልጅዋ የተወለደበትን ቀን በምታውቀው አቆጣጠር ትናገራለች፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ዕድሜን በቀላሉ ያሰላል። አንዱ ረድፍ እንዴት እንደሚጠየቅና ምን እንደሚቀመጥ ለየብቻ ስለሚናገር ሁለቱም ሳይጎዱ ይሠራሉ። በራሱ ጃንጎ ፎርም ለሚሠራ ሰውም መንገዱ ክፍት ነው፤ ዊጄቱ በኢትዮጵያ ቀን ያሳያል፣ ፊልዱ ቀይሮ ያስቀምጣል፣ የዳታቤዙ ዓምድ ተራ የቀን ዓምድ ሆኖ ይቀራል። ጥያቄ በረድፍ ሲቀመጥ ለአቀራረብ የራሱ ዓምድ ያስፈልገዋል የምለው ለዚህ ነው።

ረድፍ ኃይል ሲያገኝ አደጋም ይዞ ይመጣል። «ዕድሜ ከ15 በላይ ከሆነ ይህን ጠይቅ» የሚል ቅድመ ሁኔታ በረድፍ ውስጥ ማስቀመጥ ሲያስፈልግ፣ የፓይተን አገላለጽ ጽፎ ኢቫል በሚባለው ተግባር ማስኬድ ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ያን ያደረገ ሰው ፎርም ማረም ለሚችል ሁሉ ሰርቨሩን አስረክቧል። ኤክስኤልኤስፎርም ሁኔታዎቹን በኤክስፓዝ በተመሠረተ ውስን ቋንቋ ብቻ የሚያስጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የማብራሪያ ጽሑፍም ጥንቃቄ ይሻል፤ ጃንጎ የፊልድን ማብራሪያ ሲያወጣ የኤችቲኤምኤል ምልክቶችን አያመክንም፣ ፕሮግራመር የጻፈው እንደሆነ ይቆጥራልና። ጽሑፉ ከዳታቤዝ ሲመጣ ግን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ስክሪፕት ሊያስገባበት ይችላል፤ ፊልዱ ሲሠራ ማምከን የኛ ሥራ ይሆናል።

የመጨረሻው ነገር ጊዜ ነው። አንድ ሰው ፎርሙን ከፍቶ እየሞላ ሳለ ሌላ ሰው ጥያቄ ቢሰርዝ ወይም ግዴታ ያልነበረውን ግዴታ ቢያደርግ፣ ሰርቨሩ ሲቀበል የሚሠራው ፎርም ሰውየው ካየው ፎርም የተለየ ነው፤ ያላየውን ጥያቄ አልሞላህም ይለዋል። በቢሮ ውስጥ ይህ የደቂቃዎች ልዩነት ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ቤት ለቤት የሚዞር መረጃ ሰብሳቢ ግን መልሶቹን የሚልከው ከቀናት በኋላ ከተማ ሲመለስ ነው፤ በመካከሉ መጠይቁ ሁለት ጊዜ ታርሞ ሊሆን ይችላል። ኮቦቱልቦክስ ላይ እያንዳንዱ መልስ የተሞላበትን የመጠይቅ ቅጂ መለያ ይዞ የሚመጣው ለዚህ ነው። በራሳችን ጃንጎ ወይም ፍላስክ ስንሠራም ይቻላል፤ መጠይቁ በታተመ ቁጥር የጥያቄ ረድፎቹ በአዲስ ቅጂ ቁጥር ሥር ይቀዳሉ፣ ከታተሙ በኋላ አይነኩም፣ ፎርሙ ቁጥሩን በተሰወረ ሳጥን ይዞ ይሄዳል፣ ሰርቨሩም መልሱ ሲመጣ ዛሬ ያለውን ትቶ በዚያ ቁጥር ያለውን ፎርም ሠርቶ ያጣራል። የተሰወረው ሳጥን ከተጠቃሚ የመጣ ስለሆነ፣ ቁጥሩ በእርግጥ ከታተሙት ቅጂዎች አንዱ መሆኑም መታየት አለበት።